አለቃው ሲሄድ፤ የሠላሳ ሦስት አክሲዮን ወግ

  አሶሳ ደህና ናት፤ ሙቀቷም ማንጎዋም እንደ ድሮው ነው፡፡ ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ገንዘብ ነው፡፡ «ከመቼ ወዲህ ነው እናንተ የገንዘብ ሰዎች የሆናችሁት?» የሚል አይጠፋም፡፡ እውነቱን ነው፤ ደመወዝ ከወጣ በአሥረኛው ቀን ብድር የምንጠይቅ ሰዎች ነን፡፡ ይሁንና ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ እኛም ባለአክሲዮን ሆነናል፡፡ ሳቁ እንጂ! እያንዳንዳችን ሦስት ሦስት አክሲዮን አለን፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ አሥራ አንድ ሆነን የምንጥለው ዕቁብ አለን፡፡ ሁለት መምህራን፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ አንድ ወርቅ ነጋዴ፣ አንድ አናጢ፣ ቡና እያፈሉ የሚሸጡልን እትዬ፣ ሁላችን «ሐጂ» እያልን የምንጠራቸው ጡረታ የወጡ የጥበቃ ሠራተኛ፣ እና ይህን የምንጽፍላችሁ እኛ ሦስታችን፡፡ የዕቁቡ ዳኛ ነርሷ ናት፡፡ ዳኛ ያደረግናት ተማክረን አይደለም፤ ብር ስትቆጥር ምላሷን የማታወጣ እሷ ብቻ ስለነበረች ነው፡፡ እሑድ ከሰዓት እትዬ ቤት፣ ማንጎው ሥር እንሰበሰባለን፡፡ ዕጣ ይወጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ የደረሰው ሰው ይመረቃል፣ ያልደረሰው ያኮርፋል፡፡ አለቀ፡፡

ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን ለሕዝብ ሊሸጥ መሆኑ ተነገረ፡፡ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር፡፡ ከ33 አክሲዮን በታች መግዛት አይቻልም፤ ከ3,333 በላይም አይቻልም፡፡ ሽያጩ በቴሌብር ነው፤ ወረፋ የለ፣ ማመልከቻ የለ፡፡ ትንሹ ግዢ እንግዲህ 9,900 ብር መሆኑ ነው፡፡ ከኛ መካከል ይህን ያህል ብር አንድ ላይ አውጥቶ ሊረሳው የሚችል ወርቅ ነጋዴው ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ አልፈለገም፡፡

ሒሳቡን ያገኘው ባጃጅ ነጂው ነው፡፡ ስልኩ ላይ ሲነካካ ቆየና «አሥራ አንድ ሰው፣ ዘጠኝ መቶ ዘጠኝ መቶ ብር… ድፍን ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ!» ብሎ ጮኸ፡፡ ሠላሳ ሦስት ለአሥራ አንድ ደግሞ ሦስት ሦስት ይደርሳል፡፡ ቁጥሩ እንዲህ እንደ ተሰፋ ልብስ ልክክ ሲልልን የእግዜር ምልክት መስሎን ነበር፡፡ (ከመካከላችን የሒሳብ መምህሩ ብቻ «33 በ11 የሚካፈለው ሁልጊዜ ነው» ብሎ ደስታችንን ሊያበላሽ ሞከረ፡፡)

ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ፡፡ ክርክሩ ሦስት እሑድ ፈጀ፡፡

ወርቅ ነጋዴው ከመጀመሪያውም ልቡ አልነበረበትም፡፡ ክልላችን የወርቅ አገር ነው፤ አፈር አጥቦ ወርቅ ማውጣት ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ሙያ ነው፡፡ «ወርቅ ሥራ አስኪያጅ የለውም» አለን፡፡ «ወርቅ ሥራ አስኪያጁ ለቀቀ ተብሎ ዋጋው ሲወርድ አይቼ አላውቅም፡፡» መልስ አጣንለት፡፡

እትዬ የግድቡን ቦንድ አነሱ፡፡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. እዚሁ ክልላችን ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል ከመላው አገር ገንዘብ ሲዋጣ፣ እሳቸውም ከቡናቸው ቀንሰው ገዝተዋል፡፡ «ያኔ ማን ነው አለቃው፣ ስንት ያተርፋል ብለን አልጠየቅንም፡፡ የጠየቅነው መቼ ያልቃል ብለን ነው» አሉ፡፡ ይህ በእውነቱ ለአክሲዮን የማይሠራ ምክር ነው፤ ቦንድ ብድር ነው፣ አክሲዮን ደግሞ ባለቤትነት ነው፤ ብድር የሰጠ ሰው ገንዘቡ በቀኑ ይመለስለታል፣ የአክሲዮን ባለቤት ግን ከትርፉም ከኪሳራውም ጋር ይኖራል፡፡ ግን ለእትዬ ይህን ማስረዳት እኛን አይመለከትም፤ ቡናው የሳቸው ነው፡፡

ትልቁን ጥያቄ የጠየቁት ሐጂ ናቸው፡፡ ሐጂ ብዙ አይናገሩም፡፡ ሁለተኛው እሑድ ላይ፣ ሁሉም ሲደክመው፣ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «አለቃዋ ማን ናት? ነገ ብትነሳስ?» አሉ፡፡

እዚህ ላይ ስለ ሐጂ ትንሽ እንበል፡፡ በሚሌኒየሙ ዘመን፣ አገሩ ሁሉ «ኔትወርክ መጣ» በሚልበት ጊዜ፣ እሳቸው ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ታወር ሲተከል የዕቃ ጠባቂ ነበሩ፡፡ ከቻይና የመጡ ሳጥኖች ላይ ተኝተው አድረዋል፡፡ በሳጥኖቹ ላይ የነበሩትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት እስከ ዛሬ በእንጨት መሬት ላይ ይጽፉልናል፤ ዜድ፣ ቲ፣ ኢ፡፡ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ፊደላቱን ግን እንደ ዘመድ ስም ያውቋቸዋል፡፡

ለዚህ ነው የኢኮኖሚክሱ መምህር መልሱን ከዚያው ሳጥን ያወጣላቸው፡፡ «ሐጂ፣ የርስዎ ቻይናዎች ላይ የደረሰውን ልንገርዎ» ብሎ ጀመረ፡፡ እኛም ቤታችን ገብተን ታሪኩን ፈታትሸን ስላነበብነው ከሱ በተሻለ እንነግራችኋለን (ይቅርታ መምህራችን)፡፡

ዜድቲኢ በ1985 እንደ ፈረንጆቹ በሼንዘን ከተማ ሆ ዌጊ በሚባል ሰው ተመሠረተ፡፡ የስልክ ኔትወርክ ዕቃ ይሠራል፤ የጥሪ ማገናኛውን፣ ሬዲዮውን፣ ታወሩ ላይ የሚንጠለጠለውን ሁሉ፡፡ በ1997 በሼንዘን፣ በ2004 ደግሞ በሆንግ ኮንግ ገበያ አክሲዮኑን ለሕዝብ አቀረበ፡፡ ወደኛ አገር የገባበት ትልቁ ስምምነት የተፈረመው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ የያኔው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ የኔትወርክ ማስፋፊያ ከቻይና ኩባንያዎች ጋር ሲዋዋል፣ ሥራው በዋናነት የዜድቲኢ ሆነ፡፡ ነገሩን ልዩ የሚያደርገው ዕቃውን የሚሸጠው ራሱ ብድሩንም ይዞ መምጣቱ ነበር፡፡ በ2005 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ደግሞ ሁለተኛው ትልቅ ውል መጣ፤ 1.6 ቢሊዮን ዶላር፣ ግማሹ ለሁዋዌ፣ ግማሹ ለዜድቲኢ፡፡ ቆይቶ በዋጋ ስላልተስማሙ ከዜድቲኢ ድርሻ የተወሰነው ለስዊድኑ ኤሪክሰን ተሰጠ፡፡ ሐጂ ይህን ሲሰሙ «እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው የተበላሸው» አሉ፡፡

እንግዲህ ችግሩ የጀመረው ከአሜሪካ ነው፡፡ ኩባንያው የአሜሪካ ሥሪት የሆኑ ዕቃዎችን ማዕቀብ ወደተጣለባት ኢራን ልኳል ተብሎ ተከሰሰ፡፡ በየካቲት 2009 ዓ.ም. መጨረሻ ጥፋቱን አመነና ወደ 1.19 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ተስማማ፡፡ አለቆች ተነሱ፣ ሌሎች ተተኩ፡፡ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፡፡ አላለቀም፡፡ እቀጣቸዋለሁ ካላቸው ሠራተኞች መካከል 35ቱን ሳይቀጣ፣ ይባስ ብሎ ቦነሳቸውን ሙሉ ከፍሎ ተገኘ፤ «ቀጥቻለሁ» ብሎ ደግሞ ለአሜሪካ መንግሥት ጽፏል፡፡ ሚያዝያ 8 ቀን 2010 ዓ.ም. የአሜሪካ ንግድ መሥሪያ ቤት ለሰባት ዓመት ከአሜሪካ ምንም ዕቃ እንዳይገዛ ከለከለው፡፡

ልብ በሉ፤ የስልኩ ቺፕ ከአሜሪካ ነው፣ የስልኩ ሶፍትዌር ከአሜሪካ ነው፡፡ አንድ ወር ሳይሞላ ኩባንያው ዋና ዋና ሥራዎቹ መቆማቸውን ለገበያው አስታወቀ፡፡ አክሲዮኑ ከሽያጭ ታገደ፡፡ በአፍሪካ ብዙ ደንበኛ ያለው የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን ሳይቀር «ዕቃው ቢቋረጥብን ምን እናደርጋለን?» ብሎ አማራጭ እያጠና መሆኑን ተናገረ፡፡ አንድ ቢሮ ውስጥ የተከፈለ ቦነስ የስንት አገር ታወር ላይ ጥላ እንደሚጥል አያችሁ?

በሰኔ መጀመሪያ እርቅ ተደረገ፡፡ ሌላ 1 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት፣ 400 ሚሊዮን ዶላር በመያዣ የሚቀመጥ፣ አሜሪካኖች የሚመርጧቸው ተቆጣጣሪዎች ለአሥር ዓመት፣ እና የቦርዱና የአመራሩ ሙሉ በሙሉ በ30 ቀን ውስጥ መቀየር፡፡ ሰብሳቢው ዪን ዪሚን ከነባልደረቦቻቸው ሄዱ፤ ሰኔ 22 ሊ ዚሹዌ ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡ፡፡ ከጥቂት ቀን በኋላ ሹ ዚያንግ ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ፡፡

ግን ከምርጫው በፊት ሰኔ 6 ነበረች፡፡ አክሲዮኑ ከሁለት ወር እገዳ በኋላ ለሽያጭ የተከፈተባት ቀን፡፡ በሆንግ ኮንግ በአንዲት ቀን ወደ 42 በመቶ ወረደ፡፡ በሼንዘን በቀን ከ10 በመቶ በላይ መውረድ ስለማይፈቀድ በየቀኑ አሥር አሥር እያለ ለተከታታይ ቀናት ቁልቁል ተንከባለለ፡፡ እስቲ አስቡት፤ ማክሰኞ መቶ ብር የነበረው ረቡዕ ማታ ሃምሳ ስምንት ብር ነው፡፡

የሸጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፡፡ ቅጣቱ የዓመታት ትርፍ ይበላል፤ አዲሶቹን አለቆች ማንም አያውቃቸውም፤ ላይ ላዩን ደግሞ የሌላ አገር ተቆጣጣሪ ቢሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ አንዴ የዋሸ ሁለተኛም ይዋሻል፡፡ የያዙትም ሞኞች አልነበሩም፡፡ ትልቁ ባለድርሻ የመንግሥት እጅ ያለበት ስለሆነ አይጥሉትም አሉ፤ የተተከለ ታወር መለዋወጫ ይፈልጋል፣ አምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ እየመጣ ነው አሉ፤ የሄዱት አለቆች ራሳቸው በሽታው ነበሩና መሄዳቸው መድኃኒት ነው አሉ፡፡ በዚያ ዓመት ኩባንያው ወደ 7 ቢሊዮን ዩዋን ከሰረ፤ ሻጮቹ ሳቁ፡፡ በቀጣዩ ዓመት ከ5 ቢሊዮን ዩዋን በላይ አተረፈ፤ አክሲዮኑም ከወደቀበት ብዙውን መንገድ ተመልሶ ወጣ፤ የያዙት ሳቁ፡፡

መምህሩ እዚህ ላይ አቁሞ ቢሆን ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን እንከፍል ነበር፡፡ እሱ ግን መምህር አይደል፣ የካናዳውን ኖርቴል ጨመረበት፡፡ ያም የቴሌኮም ዕቃ አምራች ነው፡፡ በ2000 እንደ ፈረንጆቹ ከቶሮንቶ ገበያ ዋጋ ሲሶው እሱ ብቻ ነበር ይባላል፡፡ በ2004 የሒሳብ መዝገቡ ተበላሽቶ ተገኘና ሥራ አስፈጻሚው ፍራንክ ደን ተባረሩ፡፡ አዲስ አለቃ መጣ፣ ከዚያም ሌላ አዲስ አለቃ መጣ፡፡ ጥር 2001 በኛ አቆጣጠር ኩባንያው ከአበዳሪዎቹ ከለላ ፍለጋ ፍርድ ቤት ገባ፤ ከዚያ ተበጣጥሶ ተሸጠ፡፡

«ታዲያ አለቃ ሲሄድ ይገዛል ወይስ ይሸጣል?» አለ ባጃጅ ነጂው፣ ተስፋ ቆርጦ፡፡

የኛ ሐሳብ (መምህሩ አይስማማም) ይህ ነው፡፡ ስለ ሰውየው መሄድ መጠየቅ ትንሹ ጥያቄ ነው፡፡ ምን ይዞ ሄደ፣ ምን ትቶ ሄደ የሚለው ነው ትልቁ፡፡ ዜድቲኢ ደንበኞቹንም መሐንዲሶቹንም ይዞ ቀረ፤ ከኋላው የሚቆምለት መንግሥትም ነበረው፡፡ ኖርቴል ግን አለቃ ሲቀያይር ገበያው ከሥሩ እየሄደበት ነበር፡፡ ሌላም ነገር አለ፤ አለቃው ቢሄድ የሚነግርህ ዋጋ መኖሩ ራሱ ነገር ነው፡፡

ምን ለማለት ፈልገን ነው? በዚያው በ2010 ዓ.ም. ክረምት የኛዋ ቴሌም አለቃ ቀይራለች፡፡ ግንቦት 28 የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ኢትዮ ቴሌኮምን ጨምሮ ትልልቆቹ የመንግሥት ድርጅቶች በከፊል ለግል ባለሀብት እንዲሸጡ ወሰነ፡፡ ሐምሌ ላይ አቶ አንዱዓለም አድማሴ ከሥራ አስፈጻሚነት ተነሱና ወ/ሪት ፍሬሕይወት ታምሩ ተተኩ፡፡ ዜናው ተነገረ፤ አለፈ፡፡ የማንም ኪስ አልወረደ፣ አልወጣ፡፡ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ስልክ ባላት አገር፣ «የሕዝብ ሀብት» የሚባል ድርጅት አለቃው ሲቀየር «እኔ ያለኝ ሐሳብ…» ብሎ በብሩ የሚናገር አንድም ሰው አልነበረም፡፡ በርግጥ አሶሳ በዚያ ሰኔ የራሷ ሐዘን ነበራት፤ ሰው ሞቶብን፣ ሱቅ ተዘግቶ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እየፈራ በነበረበት ሳምንት ስለ አክሲዮን ማን ሊያስብ፡፡ ሐጂም፣ እትዬም፣ አናጢውም ያን ሳምንት ያስታውሳሉ፤ ማንጎው ሥር ግን አይነሳም፡፡ እኛም አናነሳውም፡፡

የሳፋሪኮምንም ነገር መምህሩ ነካክቶት አለፈ፡፡ መስከረም 2015 ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ሥራ አስፈጻሚ አንዋር ሶሳ አንድ ዓመት ሳይሞላ ተሰናብተው ነሐሴ 2015 መጨረሻ ላይ ቦታው ለዊም ቫንሄለፑት ሆነ፡፡ ድርጅቱ እዚህ ነው፣ ታወሩ እዚህ ነው፣ ሥራው ሲጀመር የሚወጣው ወጪና ኪሳራ እዚህ ነው፤ «ምን ይሻላል?» እያለ የሚጨነቀው ባለአክሲዮን ግን ናይሮቢ ነበር፡፡ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ከ40 ሺሊንግ በላይ ይሸጥ የነበረ የሳፋሪኮም አክሲዮን በ2016 መጀመሪያ ከ15 ሺሊንግ በታች ወርዶ ነበር፤ ከምክንያቶቹ አንዷ ኢትዮጵያ ናት (ብቸኛዋ አይደለችም፣ የውጭ ባለሀብቶችም ከናይሮቢ ገበያ እየወጡ ነበር)፡፡ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መልሶ ያንሰራራ ጀመር፡፡ አንድ የኬንያ ጡረተኛ ስለኛ ኔትወርክ ሌሊት እየባነነ ሲያስብ እኛ እንቅልፋችንን እንተኛ ነበር ማለት ነው፡፡

ሐጂ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ «እኛ ሦስት ሦስት ይዘን አለቃ እናነሳለን?» ብለው ጠየቁ፡፡ አናነሳም፡፡ 100 ሚሊዮኑ ሁሉ ቢሸጥ እንኳ 10 በመቶ ነው፤ 90ው መንግሥት ዘንድ፣ በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ነው፡፡ «እንግዲያው እንግዛና እንይ» አሉ፡፡ ምክንያቱ ዛሬም አልገባንም፡፡ ምናልባት ያላስተኛቸውን ሳጥን ውስጡን ማየት ፈልገው ይሆናል፡፡

ገዛን፡፡ በማን ስም? በዳኛችን፡፡ በወረቀት ላይ «በስሜ የተገዛው 33 አክሲዮን የአሥራ አንዳችን ነው፤ ትርፉም ኪሳራውም እኩል ነው» ብላ ጻፈች፤ አሥራ አንዳችንም ፈረምን፤ ሐጂ በጣታቸው አተሙ፡፡ ወርቅ ነጋዴውም «ለሰላም ስል ነው» ብሎ ዘጠኝ መቶውን ወረወረ፡፡ ዳኛችን ቴሌብሯን ነካች፣ መልእክት መጣ፣ እትዬ እልል አሉ፡፡ ሽያጩ ታኅሣሥ ላይ ሊዘጋ የነበረው እስከ የካቲት 7 ተራዘመ፡፡ በመጨረሻ ከ100 ሚሊዮኑ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ነው፤ የገዛው ሰው 47,377፤ የተሰበሰበው 3.2 ቢሊዮን ብር፡፡ ከመቶው አሥራ አንድ ገደማ መሆኑ ነው፡፡ እኛን የገረመን የቀረው ሳይሆን 47,377ቱ ቁጥር ውስጥ እኛ አሥራ አንዳችን አንድ ሰው ሆነን መቆጠራችን ነው፡፡

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን፡፡

ነሐሴ 2017 ላይ ዳኛችን አዲስ አበባ ሥራ አገኘች፡፡ ደመወዙ የተሻለ፣ እናቷም እዚያው፣ የሚያስቀራት ምንም የለም፡፡ ደስ አለን፣ መረቅናት፡፡ ማታ ቤታችን ስንገባ ግን አሥራችንም አንድ ነገር ትዝ አለን፡፡ ሠላሳ ሦስቱ አክሲዮን በሷ ስም ነው፡፡

ወዳጆቻችን፣ ስለ ሆንግ ኮንግ ገበያ ስናወራ ምንኛ ጠቢቦች ነበርን! «መሄዱ ሳይሆን ምን ትቶ ሄደ ነው ጥያቄው» ብለን ነበር፡፡ በቀጣዩ እሑድ ዳኛችን ዕቃ ስትሸክፍ ሳትመጣ ቀረች፣ አሥራችን ማንጎው ሥር ተቀመጥን፣ እንዲህም ሆነ፡፡ ባጃጅ ነጂው «ስልኳ ቢጠፋስ?» አለ፡፡ የሒሳብ መምህሩ «ብትሞትስ?» አለ፤ እትዬ በማማሰያ ሊመቱት ነበር፡፡ አንደኛው የኛ ሰው (ስሙን አንጠቅስም፣ ይህን አንቀጽ የሚጽፈው ራሱ ነው) «ወረቀቱ ፍርድ ቤት ይሠራ ይሆን?» ብሎ ጠየቀና እስከ ዛሬ ያፍራል፡፡ ስድስት ዓመት ብራችንን ስትቆጥር አንድ ብር ያላጎደለች ልጅ፣ ሻንጣ ስለያዘች ብቻ በአንድ ከሰዓት ሌባ ልናደርጋት ምንም አልቀረንም፡፡

አናጢው ዝም ብሎ ነበር፡፡ በመጨረሻ «እኔ ብሬን እፈልጋለሁ» አለ፡፡ መስከረም ደርሷል፣ ሁለት ልጆች ደብተርና ጫማ ይፈልጋሉ፡፡ ከሥራው ወርዶ ክንዱን ተጎድቶ ሁለት ወር ቤት ውሎ ነበርና ዘጠኝ መቶ ብር ለሱ እንደኛ ዘጠኝ መቶ ብር አልነበረችም፡፡ እኛ ስለ ዳኛዋ ፈርተን ነው ያወራነው፤ እሱ ስለ ዳኛዋ ምንም አልፈራም፣ ብር ቸግሮት ነው፡፡ ግን በዚያ ሰዓት የሰማነው «አንዱ መሸጥ ጀመረ» የሚለውን ብቻ ነው፡፡ ባጃጅ ነጂው ወዲያው «እንግዲያው እኔም…» አለ፡፡ ሐጂ በዓይናቸው አስቀመጡት፡፡

ገዢ የተገኘው ካልጠበቅነው ቦታ ነው፡፡ ወርቅ ነጋዴው ኪሱን ዳበሰና «ስምንት መቶ» አለ፡፡

ስምንት መቶ! መቶ ብር ቅናሽ፣ ከመቶው አሥራ አንድ ነው፡፡ ተንጫጫን፡፡ «ዳኛ ሄዳለች፣ ነገሩ አደጋ አለው፣ አደጋው የኔ ነው የሚሆነው» አለ፣ ምንም ሳያፍር፡፡ መምህሩ ደብተሩን አውጥቶ «የአሶሳ ገበያ፣ በሥራ አስፈጻሚ መልቀቅ ምክንያት፣ 11 በመቶ ወረደ» ብሎ ጻፈ፡፡ ሳቅን፣ ግን አናጢው አልሳቀም፡፡ ስምንት መቶውን ተቀበለ፣ ቆጠረ፣ ልጆቹን ይዞ ገበያ ሄደ፡፡ አሁን ስናስበው ዕቁቡ መቶ ብሯን ሊሸፍንለት ይችል ነበር፡፡ ከመካከላችን ማንም አላሰበውም፤ ሁላችንም ዋጋው ላይ ነበርን፡፡

ዳኛችን የሄደችው ጳጉሜን ላይ ነው፣ ግድቡ በተመረቀበት በጳጉሜን 4 ማግሥት፡፡ እትዬ ሙሉ ቀን በቴሌቪዥን ሲያዩ ውለው ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር፤ «አለቀልኝ» ይላሉ፣ ግድቡን ብቻቸውን የገነቡት ይመስል፡፡ ሁላችንም ልንሸኛት ወጣን፡፡ ወረቀቱን ለሐጂ ሰጠቻቸው፡፡ ሐጂ ግንባሯን ሳሟትና አንድ ነገር ብቻ አሏት፣ «ልጄ፣ ስልክ ቁጥርሽን እንዳትቀይሪ፡፡» ሁላችንም ሳቅን፤ እሷ ግን አልሳቀችም፣ «እሺ ሐጂ» አለች፣ እንደ መሐላ፡፡

በየወሩ መጀመሪያ የስልኳን ገጽ ፎቶ አንስታ ትልክልናለች፡፡ ስሟ አለ፣ 33 የሚለው ቁጥር አለ፡፡ ጥቅምት ላይ ሁለት ቀን ዘገየችና ባጃጅ ነጂው ሁለቱንም ሌሊት አልተኛም፡፡ ኋላ ስትደውል አዳር ተረኛ ሆና ነው፡፡

አናጢው ክንዱ ድኖ ሥራ ጀምሯል፡፡ ባለፈው እሑድ መጣና ሦስቱን አክሲዮኔን መልስልኝ፣ ስምንት መቶህን እንካ አለው ለወርቅ ነጋዴው፡፡ ወርቅ ነጋዴው ቡናውን ፉት አለና «አሁን ዳኛዋ ታማኝ መሆኗ ታውቋል፣ ዋጋው ሺህ ነው» አለ፡፡

እትዬ ማማሰያቸውን አነሱ፡፡ መምህሩ ደብተሩን አወጣ፡፡ ይህን ስንጽፍላችሁ ክርክሩ ገና አላለቀም፤ ሐጂ ሁለቱንም አስቀምጠው ዘጠኝ መቶ ላይ ሊያስማሙ እየሞከሩ ነው፡፡